ፊቴን ሳታዩ ጭንብል አታውልቁ

«ፊቴን እዩ» የሚለውን ቅጽል ያወጡለት እዚያው ሜዳ የሚጫወቱት ናቸው። እሱም አልተቀየመም። ሰው ሃምሳውን ተሻግሮ አዲስ ቅጽል ከወጣለት ገና አልተረሳም ማለት ነው እያለ ይቀልድበት ነበር።

ዕድሜውን የጨረሰው በቀለም ቀቢነት ነው። የሰው ሳሎን፣ የትምህርት ቤት ኮሪደር፣ የሆስፒታል ጣሪያ ቀብቷል። አንድ ቀን የቆመበት ርብራብ ከሥሩ ከዳውና ከፎቅ ወርዶ ዳሌው ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ እግሩ ግን አጠረ። መሰላል የማይወጣ ቀለም ቀቢን ደግሞ ማን ይፈልገዋል? ለጥቂት ጊዜ አጥርና በር እየቀባ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ቀረና ቤት ዋለ። ወንድ ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚስቱ የምታጥበውን ሰሃን ሳይቀር እንዲህ ቢታጠብ ይሻል ነበር ማለት ጀመረ።

ከዚህ ያወጣው የእህቱ ባል ነው። ይህ አማቹ ያየው ነገር ሁሉ የሚያዋጣ የሚመስለው ሰው ነው። ዶሮ አርብቷል፣ የመኪና እጥበት ከፍቷል፣ ሁለቱንም ዘግቷል። አሁን ደግሞ ከከተማው ዳር የተዘጋ የሸክላ ፋብሪካ ተከራይቶ ፔይንትቦል ማጫወቻ ሊያደርገው ተነሣ። ምንድን ነው እሱ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ቀለም የሚተኳኮሱበት ጨዋታ ነው አለው።

«ከፍለው?»

«ከፍለው።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልብሴን ቀለም እንዳይነካው ስጠነቀቅ፣ እነሱ ሊቀቡ ይከፍላሉ?»

«አንተ ግድግዳ መቀባት ሰልችቶህ የለ? አሁን ሰው ሲቀባ እያየህ ትዳኛለህ» አለው አማቹ።

እንዲህ ሆኖ ዳኛ ሆነ። ለወጉ ያህል የጀመረው ሥራ ግን ልቡ ውስጥ ገባ። የፋብሪካው ግቢ ሰፊ ነው። ግማሹ በቆርቆሮ የተከደነ አዳራሽ፣ ግማሹ ሜዳ። እሱ ራሱ ያረጁ ጎማዎች ደራርቦ፣ በርሜል አቁሞ፣ የተሰበረ ሸክላ ከምሮ መደበቂያ ሠራ። አዲስ ተጫዋች በመጣ ቁጥር ጨዋታውን የሚያስተዋውቀውም እሱ ነው፤ ይህንን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም ነበር።

መጀመሪያ ጠመንጃውን ያነሣል። ባሩድ የለውም ይላቸዋል፤ ከኋላ ያለው ሲሊንደር የታመቀ አየር ነው፤ ከላይ ያለው ክዳን ያለው ሳጥን ኳሶቹን ይይዛል፤ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንዲት ኳስ ትወጣለች። ቀጥሎ ኳሷን በሁለት ጣቱ ይዞ ያሳያል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ቆዳዋ ልክ እንደ ልስልሱ የመድኃኒት እንክብል ነው፤ ውስጧ በውሃ የሚለቅ ቀለም አለ። ሰው ላይ ስታርፍ ትፈርጣለች። የፈረጠችበት ሰው ሞቷል፤ እጁን ወደ ላይ ይዞ ይወጣል። ነጥራ ሳትፈርጥ ከወደቀች ግን ነፍሱ ተርፋለች፣ ይቀጥላል። ሁለት ቡድን ነው፤ በየጫፉ አንዳንድ ባንዲራ ይተከላል፤ የሌላውን ነጥቆ ወደ ራሱ ያደረሰ አሸነፈ። ያማል ወይ የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። ወንዶች ከበዙ «ሚስት ስትቆነጥጥ ያህል» ይላል፤ ሴቶች ከበዙ «አማት ስትቆነጥጥ ያህል»። ሳቁ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ሳቁ ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል። ጭንብሉን ያነሣል። ፊትን ከግንባር እስከ አገጭ የሚሸፍን፣ ከፊት ለፊቱ ጠንካራ መስታወት መሰል ፕላስቲክ ያለው ነው። «ቆዳ ይድናል» ይላቸዋል። «ሰምበር ይጠፋል። ዓይን ግን አይድንም። ቢያልባችሁ፣ ቢያሳክካችሁ፣ እናታችሁ በር ላይ ቆማ ብትጠራችሁ፣ ሜዳ ውስጥ ይሄን አታወልቁም። የምታወልቁት ፊቴን ስታዩ ብቻ ነው።»

ይህ ልማድ የራሱ ፈጠራ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ጨዋታው አለቀ ብሎ ጭንብሉን ያወልቅ ነበር። አንዱ ጣቱን ከቃታው ሳያነሣ ዞር ሲል የሌላውን ጆሮ መታው። ጆሮ ሆነና በሳቅ ታለፈ፤ እሱ ግን የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም። ከዚያ ወዲህ ፊሽካ ነፍቶ በየተጫዋቹ ይዞራል፤ እያንዳንዱ አፈሙዝ ላይ ኳስ እንዳይወጣ የሚዘጋው የጨርቅ ከረጢት መጥለቁን በእጁ እየነካ ያረጋግጣል፤ መጨረሻ ላይ መሐል ሜዳ ቆሞ የራሱን ጭንብል ያወልቃል። ያኔ ሁሉም ያወልቃል። ከሩቅ ላለ ጩኸት አይሰማም፤ የሰው ፊት ግን ይታያል ይል ነበር። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት እንኳ «ጋሼ ፊቴን እዩ፣ እናውልቅ?» እያሉ ይቀልዱበታል።

አንዲት ልጅ አለችው። የምትሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ሥራዋ የእጅ ጥልፍ። ማሽን የማይደርስበትን፣ ቅጠልን ከግንዱ የምታገናኘውን ቀጭን መስመር ለእሷ ነው የሚሰጧት። የስፌት ቤቱ ባለቤት ይህቺ ልጅ ከሄደች ግማሽ ደንበኛዬ አብሯት ይሄዳል ብላ በሰው ፊት ተናግራለች። አባትየው ይህን ወሬ ለስንቱ እንደነገረ አይቆጠርም። ልጁ ግን እሱ ስለሚሠራው ነገር ሰው ሲጠይቃት «መዝናኛ ቦታ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ሽማግሌ አባቴ ከጎረምሶች ጋር ጎማ ለጎማ ይሯሯጣል ማለት ከብዷት ይሁን ሌላ፣ እሱ አልጠየቃትም። ውስጡን ግን ይበላው ነበር። አንድ ቀን መጥታ ብታየው፣ መሐል ሜዳ ቆሞ ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ሲጠብቅ ብታይ፣ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ቀኑ መጣ። ስፌት ቤቱ ትልቅ ትእዛዝ ጨርሶ አስረከበና ባለቤቷ ሠራተኞቹን ዘና በሉ አለቻቸው። ወዴት እንሂድ ሲባባሉ ልጁ ራሷ «አባቴ ጋ» አለች። ማታ ራት ላይ ስትነግረው እንዳልገረመው ሆኖ ጎረሰ። እናቷ ግን ደስታውን አልተጠራጠረችም፤ በማግስቱ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ሲተኩስ አየችው።

የመጡበት ቀን ጠዋቱ ዝናባማ ነበር። ብርድና እርጥበት ደግሞ የጭንብል ጠላት ናቸው፤ ከውስጥ የሰው ትንፋሽ፣ ከውጭ ብርዱ ሲገናኙ መስታወቱ ጉም ይለብሳል። አማቹ አዳዲስ መስታወት እገዛለሁ ካለ ከርሟል። ስለዚህ ሰውየው ማልዶ ገብቶ ያሉትን አንድ በአንድ በሳሙና እያሸ ወለወለ፤ የተሻሉትን ለእንግዶቹ ለየ፤ ለራሱ የተረፈውን፣ ዳር ዳሩ የተጫጫረውን ያዘ። የቤቱ ሰው ክፉውን ድርሻ ይወስዳል፤ እንግዳ ፊት ደንቡ ይኸው ነው።

ሠራተኞቹ ሲደርሱ ግቢው በጫጫታ ተሞላ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዝምተኛው ጨርቅ ቆራጭ፣ ያለወትሮው ጠመንጃውን እያገላበጠ ልብ ብሎ ይሰማ ነበር። አዝራር የምትተክለዋ ሴትዮ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ይኸኛው ጭንብል ፀጉሬን ያበላሸዋል ብላ ተነጫነጨች። ማስተዋወቂያውን ሲናገር ልጁ ከፊት ተቀምጣለች። አማት ስትቆነጥጥ ያህል ሲል ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። የጭንብሉ ነገር ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ሲጨርስ ከወንበሯ ተነሥታ «ይሄን ሁሉ የት ነው የተማርከው?» አለችው ቀስ ብላ። እሱም የጭንብሏን ማሰሪያ ከኋላ አጠበቀላት።

የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለቀ። ፊሽካ ነፋ፣ ዞረ፣ አፈሙዞቹን ነካካ፣ መሐል ቆሞ አወለቀ። ሁሉም አብረው አወለቁ። ልጁ ፊቷ በላብ ረጥቦ፣ ትከሻዋ ላይ ብርቱካንማ ቀለም ተንጠባጥቦ፣ ከሩቅ እጇን አውለበለበችለት። ያን ጊዜ የተሰማውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ግን ያየው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እግሩ ያጠረ አይመስልም ነበር።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ዝናቡ ተመለሰ። የአዳራሹ ቆርቆሮ በአንዴ መጮህ ጀመረ። ልጁ ባንዲራውን ነጥቃ እየሮጠች ከጎማዎቹ አጠገብ ስትደርስ ተንሸራታ በፊቷ ወደቀች። ሸክላ የተከመረበት ቦታ ነው። አልተነሣችም። እሱ ፊሽካውን ነፋ፤ እያነከሰ ሮጠ። በቅርብ ያሉት ሰምተው ቆሙ። በወዲያኛው ጫፍ ከበርሜሎቹ ኋላ የነበረው ጨርቅ ቆራጭ ግን ከቆርቆሮው ጩኸት በቀር የሰማው የለም።

ደርሶ ተንበረከከ። ትከሻዋን ይዞ አገላበጣት። የእሱ ጭንብል በሩጫውና በድንጋጤው ትንፋሽ ነጭ ጉም ሆኗል፤ ደም ይሁን ቀለም፣ ታልቅስ ትሳቅ፣ የሚያየው ነገር አልነበረም። ባንዱ እጁ ደግፏታል። በሌላው ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፋው።

ልጅቷ ምንም አልሆነችም ነበር። ጉልበቷ ተጫረ እንጂ። ቀና ስትል የአባቷን ፊት አየች። እንደተማረችው እሷም ጭንብሏን አነሣችና «ምንም አልሆንኩም፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትሆነው?» ልትለው አፏን ከፈተች። ምናልባትም ግማሹን ብላለች።

ከበርሜሉ ኋላ የነበረው ሰው በጉም በተሸፈነ መስታወቱ ያየው ባንዲራ የያዘች ተቃራኒ ቁጭ ስትል ነው። ተኮሰ። አንዲት ኳስ። ድምፁ ጠርሙስ ሲከፈት ከሚሰማው አይበልጥም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም በየራሱ ነው የሚያወራው። አዝራር የምትተክለዋ ሴትዮ ልጅቷ አልጮኸችም ትላለች። ጨርቅ ቆራጩ ጮኻለች፣ ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ ይላል። አባትየው የሚያስታውሰው ከፊቷ ላይ ቀለሙን በሸሚዙ ክንድ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ፣ ብርቱካንማው ሲለቅና ከሥሩ ቀይ ሲመጣ ነው። አማቹ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሆስፒታል ሲበር፣ ከኋላ ወንበር ጭንቅላቷ ጭኑ ላይ ነበር። በመሐረብ ዓይኗን ይዛ እንዲህ አለችው፦

«አባዬ፣ ፊትህን አየሁ እኮ።»

ወቀሳ አልነበረም። ይህን በደንብ ያውቃል። እንዳላጠፋች ልትነግረው ነው፤ ያስተማራትን አልጣሰችም። ወቀሳ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሐኪም የልጅቷ ዓይን ውስጥ ደም እንደሞላ፣ እስኪጠልል ድረስ ከኋላ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ እንደማይቻል ነገረቻቸው። ልጅቷ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ እንድትተኛ ታዘዘ። እናቷ መጣች፤ ምን ሆነ አለች፤ ሰው ሁሉ ወለሉን አየ።

አማቹ ሰውየውን ወደ ኮሪደሩ ጠራው። ክፉ ሰው አይደለም። ራሱም ሲያለቅስ ነበር የዋለው። ግን የሚያስተዳድራቸው ልጆች አሉት፣ የሚጠይቁ ሰዎችም መምጣታቸው አይቀርም። እሷ ራሷ አወለቀች እንበል አለው፤ ውሸት አይደለም፣ በገዛ እጇ ነው ያወለቀችው፣ ሁሉም አይቷል።

«ውሸት አይደለም» አለ ሰውየው። «እኔ ግን ቀድሜ አወለቅሁ።»

«ይሄን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

የሚጠይቁት መጡ። ከከተማው አስተዳደር ሁለት ሰዎች፣ ጨዋዎች ናቸው። አስቀድመው ልጅቷን አነጋግረው ነበርና ሞቆኝ አወለቅሁት ብላቸው ኖሯል። እሱ እንደዚያ አይደለም አላቸው። የሆነውን ከፊሽካው እስከ ጉሙ ነገራቸው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ሊምልላቸው አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደ ልማዱ። ሳይምል ተወው። ያን መሐላ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፉ የሰማው የለም።

ሜዳው ታሸገ። አማቹ አልሰደበውም፤ ሰላምታ ብቻ ቀነሰ። እህቱ በሁለቱ መካከል እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ቀረች። ሚስቱ ደግሞ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ በቀጥታ ልታናግረው አልቻለችም። የፈለገችውን በልጅቷ በኩል ታስተላልፋለች። ለአባትሽ ምሳው ምድጃ ላይ ነው በይው፤ አባትሽ ይህን ጃኬት ያውልቅና ይታጠብ በይው። ልጅቷም አንድ ዓይኗ ታሽጎ አልጋ ላይ እንደተኛች በመካከላቸው መልእክት ታመላልስ ነበር፤ አንዳንዴም «ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ፣ እኔ የተመታሁት ዓይኔን ነው» ብላ ትቀልዳለች። አይስቁም።

ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው። ደሙ ጠለለ። ሐኪሟ በብርሃን አየች፣ ደግማ አየች። ከዓይን ኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዷል አለች፤ በቀዶ ጥገና ለማጣበቅ ሞከሩ። ከዚያ እንደገና መጠበቅ ሆነ። ሌሊት ሌሊት አባትየው ከቤቱ ጣሪያ ጋር ሲፋጠጥ ያድራል። ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ያየ ሰው ነው፤ ስንጥቁን፣ እድፉን፣ የሰነፍ ቀቢ ብሩሽ የዘለለውን ቦታ ያውቃል። አሁን የሚያየው ያቺን ቅጽበት ብቻ ነበር። እጁን። ወደ ላይ የገፋውን የራሱን እጅ።

ፋሻው ሲፈታ ልጅቷ ጤነኛውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ሐኪሟ ጣቷን አነሣች፤ ስንት ነው አለቻት። ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሐኪሟ ወደ መስኮቱ መራቻትና ምን ይታይሻል አለቻት። ብርሃን እንኳ ካለ ደስ ይበለን ብለው ነበር።

«ምንም» አለች። «ጨለማም አይደለም። ምንም።»

እናቷ በሩን ከፍታ ወጣች። አባትየው ባለበት ቆመ።

ወደ ስፌት ቤት ተመለሰች። ባለቤቷ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ተቀበለቻት፣ የድሮ ወንበሯን ሰጠቻት። ጨርቅ ቆራጩ ግን ቦታውን ለቆ ሌላ ቤት ገብቶ ነበር፤ አንድ ቀን ቤት ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሳይገባ ተመልሷል፤ አባትየው በመስኮት አይቶታል፤ ጠርቶ የሚለው ነገር ስላጣ አልጠራውም። ሰው በአንድ ዓይን ያያል እንጂ ርቀትን አይለካም፤ ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። መርፌው ጨርቁ ላይ የደረሰ ሲመስላት አልደረሰም፤ አልደረሰም ስትል ጣቷን ይወጋታል። የቅጠሉ መስመር ተንሻፈፈ። ማንም ምንም አልተናገራትም፤ ቀስ በቀስ ግን ወደ እሷ የሚመጣው ጨርቅ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ሰፋፊ አበባ፣ ከዚያ ጠርዝ መቀምቀም፣ ከዚያ አዝራር በቀለም በቀለሙ መለየት። ቤት ስትመጣ ስለ ሥራ አይወራም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቷ ጎረቤት ሄዳ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። ልጅቷ ሻይ አፈላች። ለአባቷ ብርጭቆ አስቀመጠች፤ ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ልትቀዳለት ዘነበለች። ሻዩ ከብርጭቆው አንድ ጣት ያህል ወዲህ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ቶሎ ቀጥ አደረገችው። እሱም ቶሎ እጁን ዘርግቶ ብርጭቆውን ከማንቆርቆሪያው አፍ ሥር ሊያደርግላት ያዘው።

«ተው» አለችው።

«ልያዝልሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ተው አባዬ፤ ባለበት ይሁን። አንተ ባነሣኸው ቁጥር እኔ የት እንዳለ አላውቅም።»

እጁን ሰበሰበ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ እየተንፏቀቀ ጠርዙ ላይ ደርሶ ጉልበቱ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ትኩስ ነበር። አልተንቀሳቀሰም፤ ቢንቀሳቀስ መቃጠሉን እንደምታውቅ ያውቃል።

ደግማ ዘነበለች፣ ደግሞም ሳተች፤ አሁን በወዲያ በኩል። ከንፈሯን ነከሰች። ማንቆርቆሪያውን ዝቅ አድርጋ በዝግታ፣ በጨለማ ቤት ግድግዳ እንደሚዳስስ ሰው፣ አፉን ወደ ብርጭቆው ገፋችው። ብረቱ የብርጭቆውን ጠርዝ ሲነካ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። እዚያው አስደግፋ ያዘችው። ከዚያ ቀዳች።

ብርጭቆው ሞላ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የተረፈው ጥቂት ነበርና የራሷን ግማሽ ብቻ ቀዳች፤ እሱንም እንደዚያው ጠርዙን እያስነካች። ጨርቅ ፈልጋ ጠረጴዛውን ጠረገች። ጉልበቱ ላይ የፈሰሰውን አላየችም፤ እሱም አልነገራት።

«ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ጠጣ።